ነፋስ መግቢያ፣ ነፋስ መውጫ፦ አሮጌ ዶሮ ቤት የማደስ ሳይንስ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጉና ተራራ ማዶ፣ ነፋስ መውጫ የምትባል ከተማ አለች። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሟ በደንብ ይገባታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማታ ማታ ብርዱ በጋቢም አይመከትም። እኔ ያደግሁት ከዚያ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ከተማዋ ሳይሆን ስለ ስሟ ነው። የእናቴን አሮጌ ዶሮ ቤት ሳድስ ይህን ስም ረስቼው ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ለእረፍት ቤት ገባሁ። ጓሮ ያለው ዶሮ ቤት አርጅቷል። የሣር ክዳኑ ሳስቷል፣ የግድግዳው ምርጊት ተሰነጣጥቋል፣ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። እናቴ አሥር ዶሮዎች አሏት። ከእንቁላላቸው የሚገኘው ብር ለታናናሾቼ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ለቤቱ ደግሞ ጨውና ዘይት ነው። እኔም «መሐንዲስ ልጅሽ መጣልሽ» ብዬ ሥራ ጀመርኩ። ሣሩን አውርጄ ቆርቆሮ መታሁበት። ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ መረግሁ። ከጣሪያው ሥር የቀረችውን ክፍተት ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ወተፍኳት። ማታ በሩ ሲዘጋ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፣ አንዲት የብርሃን ጭላንጭል እንኳ አልቀረችም። እናቴ መረቀችኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ለፋሲካ ስመጣ ሦስቱ ሞተዋል። የቀሩት ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሲተነፍሱ ይንኳረራሉ። በሳምንት አሥርና አሥራ ሁለት ይገኝ የነበረው እንቁላል ወደ ሦስትና አራት ወርዷል። እናቴ «ብርድ ሳይሆን አይቀርም» ብላ በር ላይ ሌላ ከረጢት ሰቅላለች። ብርድ ግን አልነበረም። ብርድማ ድሮም ነበረ። አዲስ የመጣው ነገር የእኔ እድሳት ብቻ ነው።

እስቲ ያን ጊዜ ማወቅ የነበረብኝን ሒሳብ አብረን እንሥራው። እናንተም ጓሮ ውስጥ አሮጌ ዶሮ ቤት ካለ፣ ከመዶሻው በፊት ይህን አንብቡ።

ዶሮ ምን ያህል ትሞቃለች?

የሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የዶሮ ግን 41 አካባቢ ነው። እኛን ትኩሳት ይዟችኋል የሚያስብለን ሙቀት ለእሷ የዘወትር ጤንነቷ ነው። ይህን ሙቀት ጠብቃ ለመኖር የበላችውን እህል ቀንና ሌሊት «ታነዳለች»። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ በግምት 8 ዋት ሙቀት ታወጣለች። አሥር ዶሮ ማለት 80 ዋት ነው። ድሮ ሲነኩት እጅ የሚያቃጥለውን ባለ 75 ዋት ክር አምፖል ታስታውሱ እንደሆነ፣ አሥር ዶሮ ያለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያለ አምፖል የበራበት ቤት ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ላባ አለ። ዶሮ ሲበርዳት ላባዋን ነፍታ እንደ ኳስ ስትሆን አይታችኋል አይደል? በላባው መካከል የማይንቀሳቀስ አየር እየያዘች ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ጋቢም የሚያሞቀን በዚሁ ዘዴ ነው። የሚያሞቀን ጥጡ ራሱ ሳይሆን ጥጡ ውስጥ የታሰረው አየር ነው።

እንግዲህ ጋቢያችሁ ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል? አየሩ ወጥቶ ውኃ ይገባል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ በፍጥነት ያሳልፋል። እርጥብ ጋቢ ከለበሰ ሰው ይልቅ ስስ ደረቅ ልብስ የለበሰ ሰው ይሻላል። ለዶሮም እንደዚያው ነው። ላባዋ እስከደረቀና ነፋስ በቀጥታ እስካልመታት ድረስ ጤነኛ ትልቅ ዶሮ የደጋ ሌሊት አይገድላትም። የሚጎዳት እርጥበት ነው።

ውኃው ከየት መጣ?

«ጣሪያው ካላፈሰሰ እርጥበቱ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ከዶሮዎቹ ነው።

ብርዳም ጠዋት ላይ ስትተነፍሱ ከአፋችሁ የሚወጣውን ነጭ እንፋሎት አስታውሱ። ዶሮም እንዲሁ ትተነፍሳለች፤ ኩሷም ውኃ አለው። ከምታወጣው 8 ዋት ውስጥ ሲሶ ገደማው ውኃ በማትነን የሚወጣ ነው ብለን ብናሰላ፣ አንዷ ዶሮ በሰዓት 3.7 ግራም ገደማ እንፋሎት ወደ አየሩ ትለቃለች። አሥሩ በሰዓት 37 ግራም። ማታ 12 ሰዓት ላይ በር ዘግታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ብትከፍቱ፣ 440 ግራም ውኃ አየሩ ውስጥ ተለቋል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው!

አየሩ ይህን መሸከም ይችላል? የእናቴ ዶሮ ቤት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ወርዱም ከፍታውም አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ነው። ስለዚህ የሚይዘው አየር 2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በ8 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው የውኃ እንፋሎት 8.3 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ውኃነት ይመለሳል። ለሁለቱ ሜትር ኩብ 16.6 ግራም መሆኑ ነው። ከውጭ የገባው አየር ራሱ አስቀድሞ 10 ግራም ያህል ይዞ ነው የመጣው። የቀረው ቦታ 6 ወይም 7 ግራም ብቻ ነው። አሥር ዶሮ ይህን ለመሙላት ሩብ ሰዓት አይፈጅባቸውም።

በእርግጥ የጭቃው ግድግዳና መሬት ላይ ያለው ጭድ ጥቂት ይመጥጣሉ። ግን እነሱም በየሌሊቱ እየጠጡ በመጨረሻ ይጠግባሉ። እኔ የወተፍኩት ቤት ከማታው አንድ ሰዓት ሳይሞላ በእንፋሎት የሚሞላ፣ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያልብ ቤት ነበር።

ቆርቆሮ ለምን ያልበዋል?

እንፋሎት ወደ ውኃ የሚለወጠው መጀመሪያ ቀዝቃዛው ነገር ላይ ነው። በእኔ እድሳት ውስጥ ከሁሉ ቀዝቃዛው ነገር ቆርቆሮው ነው።

ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲሞላ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ጤዛ አንዳንዴም ውርጭ ታያላችሁ። መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሌሊት ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ከፊሉን ይመልስለታል፤ ጥርት ካለ ግን አብዛኛው ሄዶ ይቀራል። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ያጠራቀመው ሙቀት የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው እርጥብ አየር ሲነካው ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው ዶሮዎቹ ጀርባ ላይና ጭዱ ላይ ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ሣር ክዳን ተመለሱ። ሣር በውስጡ አየር ስለሚይዝ የታችኛው ፊቱ እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም። ደግሞም በሣሩ መካከል አየር ቀስ እያለ ያልፋል። የጎጆ ቤት ጭስ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ሲወጣ ከሩቅ አይታችሁ አይደል? እንፋሎቱም እንደዚያ ነበር የሚወጣው። እኔ «አረጀ» ብዬ የጣልኩት ክዳን፣ «ቀዳዳ» ብዬ የደፈንኩት ስንጥቅ የቤቱ ሳንባ ነበሩ።

ኩስና አሞንያ

እርጥበቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ። ግን ጓደኛ አለው።

ወፎች እንደ እኛ ሽንት አይሸኑም። ከሰውነታቸው የሚወገደውን ናይትሮጅን የሚያስወጡት ዩሪክ አሲድ በሚባል ነገር ነው፤ ኩስ ላይ የምታዩት ነጩ ክፍል እሱ ነው። ኩሱ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ብዙ ችግር የለም። እርጥበት ሲያገኝ ግን ባክቴሪያዎች ይሠለጥኑበትና ዩሪክ አሲዱን ወደ አሞንያ ጋዝ ይለውጡታል። ያ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ እሱ ነው።

አሞንያ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ያሉትን ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ይጎዳል። ሥራቸው አቧራንና ጀርምን ጠርጎ ማውጣት ነው፤ የመተንፈሻ ቧንቧው መጥረጊያዎች ናቸው ማለት ይቻላል። መጥረጊያው ሲሰበር ማንኛውም የመተንፈሻ በሽታ እንደ ልቡ ይገባል። ለዚህ ነው በዶሮ እርባታ አሞንያ ከ25 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚመከረው። ይህም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 25 እንደማለት ነው። መለኪያ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ፣ አፍንጫችሁን በዶሮዋ ጭንቅላት ከፍታ ላይ አድርጋችሁ አሽቱ። ቆማችሁ ማሽተት አያዋጣም፤ ዶሮዋ የምትተነፍሰው እዚያ ታች ነው። ሽታው ዓይናችሁን ካስለቀሰ ለእሷ በጣም አልፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ኩሱ ሲረጥብ «ያደርቀዋል» ተብሎ አመድ ይበተንበታል። የእንጨት አመድ በእርግጥ ውኃ ይመጥጣል። ነገር ግን አልካላይ ነው፤ እርጥብ ኩስ ውስጥ ታስሮ የቆየውን አሞንያ ወደ ጋዝነት ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ አመዱን ደረቅ ጥግ ላይ፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ዶሮዎቹ እየተንከባለሉ የሚታጠቡበት አድርጉት። ቅንቅንና ቅማል ይቀንስላቸዋል። እርጥብ ኩስን ግን ዝቃችሁ ማውጣት እንጂ በአመድ መሸፈን መፍትሔ አይሆንም።

ታዲያ ቤታችን ቆጥ ላይ ብናሳድራቸውስ?

በገጠር ብዙ ቤት ዶሮ የሚያድረው ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ቆጥ ላይ ነው። ምክንያት አለው። ይሞቃል፣ ሸለምጥማጥም ሌባም አይደርስበትም።

ግን አንድ ልብ የሚነካ ጥናት ልንገራችሁ። ዴሬክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ የኢትዮጵያን ገጠር ቤተሰቦች መረጃ መርምረው ነበር። ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች በቁመት እድገታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እንቁላልና ገንዘብ ስለሚገኝ ይህ አይገርምም። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ የሚዘጉ ከሆነ ግን ተቃራኒው ታየ፤ ከልጆች እድገት መጓደል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። «የተያያዘ» ማለት «ምክንያቱ እሱ ነው» ማለት እንዳልሆነ አስተውሉ። ቢሆንም ግን ኩስ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መሬት ላይ የሚድሁ ሕፃናት እጅና አፍ እንደሚደርሱ ይታወቃል። ስለዚህ ጓሮ ያለው ዶሮ ቤት የዶሮዎቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታናናሾቻችሁም ጉዳይ ነው። ዶሮዎቹ ውጭ ያድሩ ዘንድ ግን ውጭ ያለው ቤት የማይገድላቸው መሆን አለበት።

የአሮጌውን ጥበብ ሳይጥሉ ማደስ

በታች ጋይንት ያለውን የቤተ ልሔም ገዳም ብዙዎቻችሁ በድጓ ማስመስከሪያነቱ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደ ሌላው የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው ሕንፃ ነበር። ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ክዳን ሥር አራት ማዕዘን የሆነ እጅግ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ተጠብቆ አገኘ። ዶሮ ቤትን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። የአካባቢያችን የጥንት አናጺዎች አዲስ ሲሠሩ አሮጌውን ሁልጊዜ አላፈረሱም ለማለት ነው። እኔም በሁለተኛው እድሳት ይህን ነው የተከተልኩት።

ጣሪያ። ቆርቆሮውን አላወረድኩም፤ ዝናብ ይከላከላል። ግን በላዩ ላይ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ሣር ከደንኩበትና ነፋስ እንዳይወስደው በገመድና በድንጋይ ያዝኩት። ሣሩ ቆርቆሮውን ከሰማዩ ይጋርደዋል። ስለዚህ ሌሊት አይቀዘቅዝም፣ ቀን ደግሞ በፀሐይ አይግልም።

ነፋስ መውጫ። ይኼኛው ዋናው ነው። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መውጫው ከጣሪያው ሥር፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ ይሁን። መጠኑስ? ከውጭ የገባ 5 ዲግሪ የሆነ አየር ውስጥ ሞቆ 8 ዲግሪ ሆኖ ሲወጣ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.8 ግራም ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይዞ ይወጣል። በሰዓት 37 ግራም ማውጣት ካለብን 20 ሜትር ኩብ አየር በሰዓት መውጣት አለበት። በዚህች ትንሽ የሙቀት ልዩነትና በአንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ልዩነት አየሩ የሚወጣበት ፍጥነት በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህን ስናካፍል 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ይመጣል። ይህ ለአሥር ዶሮ ነው፤ ሃያ ካሏችሁ እጥፍ አድርጉት።

ነፋስ መግቢያ። መውጫ ብቻውን አይሠራም፤ የወጣው አየር ቦታው መተካት አለበት። ያንኑ የሚያህል ክፍተት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በማይመታው ጎን ክፈቱ። ከውስጥ በኩል ጣውላ አቁሙለት፣ የሚገባው አየር ቀጥ ብሎ ዶሮዎቹ ላይ እንዳይመጣ። ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ አየር ቤቱ ውስጥ ይዘዋወር፣ ቆጡ ላይ ግን ነፋስ አይንፈስ። ስለዚህ በቆጡ ከፍታ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ መርጉት። ከቆጡ በላይና በታች ያለውን ደግሞ በልክ ተዉት።

ቆጥ። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ቦታ ስጡ። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አጣና፣ ልጡ ተልጦ፣ ጉጡ ተስተካክሎ ጥሩ ቆጥ ይሆናል። ልጡን የምንልጠው ለውበት አይደለም። ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን በልጡ ሥርና በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ፣ ማታ ወጥቶ የተኙትን ዶሮዎች ደም ይመጣል። ማታ ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን ጫፍና ከሥሩ ያለውን ብታዩ ቀያይ ነጥቦች ሲሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። አጣናዎቹን ሚስማር አትምቱባቸው፤ ድጋፍ ላይ ብቻ አስቀምጧቸው። በየጊዜው እያነሣችሁ የፈላ ውኃ ታፈሱባቸዋላችሁ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍ ካለ እሱ ላይ ለመውጣት ሌሊቱን ሲገፋፉ ያድራሉ።

ወለል። አሮጌውን ጭድና ኩስ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ወለሉን ከውጭው መሬት ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉት፣ ጎርፍ እንዳይገባ። ደረቅ ጭድ አንድ ጋት ያህል አንጥፉ። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ጭመቁ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ጥሩ ነው፤ እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ቀይሩት። የወጣውን አታባክኑት፤ ተከምሮ ወራት ካስቆጠረ በኋላ ለድንችና ለጎመን ፍቱን ማዳበሪያ ነው።

መጣያ። ለአራት ወይም ለአምስት ሴት ዶሮ አንድ ይበቃል። ጨለም ያለ፣ ከቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን። መጣያው ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እሱ ላይ አድረው ኩስ ይሞሉታል። አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ማድረግ ይበቃል፤ የእናቴ ዶሮዎች ከሠራሁላቸው ሳጥን ይልቅ የተቀደደ እንቅብ ነው የመረጡት።

የሸለምጥማጥ ሒሳብ

«ክፍተት ክፈቱ ስትል ሸለምጥማጥን ረሳኸው እንዴ?» አትሉኝም? አልረሳሁትም። ሸለምጥማጥ ቀጭንና ተለዋዋጭ አካል ስላለው ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ያሳልፈዋል። ስለዚህ መግቢያውም መውጫውም ላይ የቀዳዳው ስፋት ከ2 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይመታ። ሽቦውን ከእንጨቱ ጋር በጥቃቅን ሚስማር ብቻ አታያይዙት፤ በጣውላ ጠርዝ አስጨንቃችሁ ምቱት። አለበለዚያ አነር በጥፍሩ ይገነጥለዋል። በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ድንጋይ ቅበሩ፣ ቆፍሮ የሚገባም አለና። በሩ ደግሞ መወርወሪያ ይኑረው፤ በገመድ ማሰር አያስተማምንም።

ሽቦ ተወዶባችሁ ከሆነ ቀጫጭን አጣና በጣት ስፋት እያራራቃችሁ መደርደርም ይቻላል። አየር ያልፋል፣ ሸለምጥማጥ አያልፍም።

ቤቱ ብቻውን የማይፈታው

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብለያችሁ ጥፋት ይሆናል። ዶሮ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ፈንግልን አያስቀርም። ፈንግል በሌላው ዓለም ኒውካስል የሚባለው በሽታ ነው፤ ቫይረስ ነው፣ አንድ መንደር ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዶሮውን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ያለው መከላከያ ክትባት ነው። ክትባቱ በአገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ከዓይነቶቹ አንዱ፣ አይ-ቱ የሚባለው፣ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚችል ማቀዝቀዣ ለሌለበት ገጠር የታሰበ ነው። በዓይን ጠብታ ይሰጣል። የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ዶሮ ቤት መኖሩ እዚህም ይጠቅማል፤ ቀን ሜዳ ለሜዳ ከማባረር ማታ ከቆጥ ላይ አንድ በአንድ ማንሣት ይቀላል። ከገበያ የመጣች አዲስ ቄብም ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትቀላቀል፤ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

እናንተ ሞክሩት

ሁለት ፍተሻ ልስጣችሁ። ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የዕጣን ፍተሻ ነው። ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ ዶሮዎቹ ከገቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ዕጣን የሚጨስበትን ገል በውጭ በኩል ወደ ነፋስ መግቢያው ጠጋ አድርጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቤቱ እየተነፈሰ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ከወጣ መውጫው ጠቧል ወይም ተዘግቷል። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ገሉን በፍጹም ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ ክዳኑም ጭዱም እሳት ፈላጊ ነው።

ሁለተኛው የመዳፍ ፍተሻ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ መዳፋችሁን ከጣሪያው በታች በኩል አሳርፉ። ደረቅ ከሆነ ቤቱ ደህና ነው። መዳፋችሁ ከረጠበ ሌሊቱን የዘነበው ውስጥ ነው። ያገኛችሁትን ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከጎኑ የእንቁላሉን ቁጥርም አስፍሩ። ክፍተቱን አስፍታችሁ ለሌላ ሳምንት ድገሙት። ያኔ የእኔን ሒሳብ ማመን አያስፈልጋችሁም፣ የራሳችሁ ቁጥር ይኖራችኋል።

የእናቴ ዶሮዎች ከሁለተኛው እድሳት በኋላ ዓይናቸው የደረቀው በሳምንታት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ለመመለስ ግን ሁለት ወር ያህል ወሰደ። የሞቱት ሦስቱ አልተመለሱም። አንዷ ገብስማ ነበረች፣ ከሁሉም በላይ ጫጩት በማሳደግ የታወቀች።

አሁንም ስደውል «እማ፣ ቆርቆሮው ሥር ጤዛ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። «ደረቅ ነው፤ አንተ ግን ምሳ በልተሃል?» ትለኛለች።